ቺፑ ካለቀ በኋላ የሚጠራ ተጠቃሚ

በምርምር ሰፈር ማንም የማይከራከርበት አንድ ሰልፍ አለ። ተመራማሪው መሣሪያውን ይሠራል፤ ውጤቱን በታወቀ መጽሔት ያሳትማል፤ ለሙያ ባልደረቦቹ በጉባኤ ያቀርባል፤ በስተመጨረሻም ጊዜና በጀት ከተረፈ ለተጠቃሚው «ግንዛቤ ያስጨብጣል»። ዕውቀት ከሳይንቲስቱ ይመነጫል፣ ተጠቃሚው ይቀበላል ተብሎ ስለሚታመን ይህ ሰልፍ ለብዙዎች ከጥያቄ በላይ ነው። እኔ ግን ቢያንስ በአንድ ዘርፍ፣ ደምን በጥቃቅን ቦዮች አሳልፎ የሚፈለገውን ሴል በሚያወጣው በማይክሮፍሉይዲክስ፣ ሰልፉ የተገለበጠ ነው እላለሁ። ተጠቃሚው መምጣት ያለበት የመጀመሪያው ቦይ በኮምፒውተር ከመነደፉ በፊት ነው። ሳይንቲስቶች እርስ በርስ የሚካፈሉትም ቢሆን ዋናውን ነገር ያስቀረ ነው።

ዘርፉን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ቺፑ በእጅ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ የመስታወት፣ የፕላስቲክ ወይም ፒዲኤምኤስ የሚባል ግልጽ የሲሊኮን ጎማ ቁራጭ ነው። በውስጡ ውፍረታቸው ከሰው ፀጉር የሚቀራረብ ወይም የሚያንስ ቦዮች ተቀርጸውበታል። ቦዩ ይህን ያህል ሲጠብ ፈሳሹ መናወጡን ትቶ በንብርብር፣ ጸጥ ብሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንድ ሴል በየት በኩል እንደሚያልፍ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ከዚያ በኋላ በግድግዳው ላይ በተለጠፈ አንቲቦዲ መያዝ፣ በኤሌክትሮድ መለካት ወይም በካሜራ መቁጠር የንድፍ ምርጫ ነው። ሥራው ቀላል አይደለም። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ፣ ማለትም ከአንድ ጠብታ እጅግ ባነሰ መጠን፣ 5 ሚሊዮን ገደማ ቀይ የደም ሴሎች አሉ። ኤችአይቪ የሚያጠቃቸው ሲዲ4 የሚባሉት ነጭ ሴሎች ግን በጤነኛ ሰው ከ500 እስከ 1,500 ቢሆኑ ነው። ከዕጢ ተላቀው በደም ውስጥ የሚዞሩ የካንሰር ሴሎችማ ከቢሊዮን የደም ሴል አንድ ቢገኙ ነው። ይህን ረቂቅ ነገር የሠራ ሰው በሥራው ቢማረክ አይፈረድበትም። የምከራከረው ከመማረኩ በኋላ ለማን፣ መቼና ምን ይናገራል በሚለው ላይ ነው።

መጀመሪያ «ለሳይንቲስቶች አካፍለናል» የሚለውን እንየው። በዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ዴቪድ ቢቢና ሁለት ባልደረቦቹ በ2014 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ግምገማ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከማይክሮፍሉይዲክስ ጽሑፎች ውስጥ 85 በመቶ ገደማ የሚታተሙት በምህንድስና መጽሔቶች መሆኑን አሳይተው ነበር። ሴሉን የሚያጠናው ባዮሎጂስት፣ በሽታውን የሚያክመው ሐኪም እነዚያን መጽሔቶች አይከፍትም። መሐንዲሱ ለመሐንዲስ ጻፈ፤ መሐንዲሱ ገመገመ፤ መሐንዲሱ ጠቀሰ። ይህን ማካፈል ማለት ይከብደኛል።

በቤተሰብ ውስጥ ብቻ የሚወራ ነገር ደግሞ የራሱ ዕውር ቦታ አለው። የሃርቫርዱ ጆርጅ ኋይትሳይድስና ባልደረቦቹ በ1998 በፒዲኤምኤስ ቺፕን በአጭር ጊዜ የመሥራት ዘዴ ካሳዩ ወዲህ ቁሱ የዘርፉ መደበኛ ሆኗል፤ ርካሽ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ በአንድ ቀን ሻጋታ ላይ ፈስሶ ይወጣል። ባዮሎጂስቱ ግን ሴል የሚያሳድገው በጠንካራ ፕላስቲክ ሳህን ነው። ፒዲኤምኤስ አንዳንድ ትንንሽ ሞለኪውሎችን፣ መድኃኒትና ሆርሞን ጭምር፣ እንደሚመጥ በ2006 ቢቢና አንድ ባልደረባው ጽፈዋል። ቺፑ ላይ የታየው ለውጥ ከሴሉ የመጣ ነው ወይስ መድኃኒቱን የጠጣው ጎማ ነው? ይህን ጥያቄ ቶሎ የሚያነሣው መሐንዲሱ ሳይሆን በየቀኑ ሴል የሚያሳድገው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ከክፍሉ ውጭ ነበር።

መልካም ምሳሌ የለም እንዳልባል አንድ ልጥቀስ። በ2015 የሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤቶቹ ኢቫን ማኮስኮና ስቲቭ ማካሮል ድሮፕ ሴክ የሚባለውን ዘዴ አወጡ። እያንዳንዱን ሴል ምልክት ካለው ጥቃቅን ዶቃ ጋር በዘይት በተከበበ የውኃ ጠብታ ውስጥ የሚያስገባ ቺፕ ነው። በዚያው ጽሑፍ 44,808 የአይጥ ሬቲና ሴሎችን አንድ በአንድ መርምረዋል። ለእኔ ትልቁ ነገር ቁጥሩ አይደለም። የቺፑን የንድፍ ፋይል፣ እያንዳንዱን እርምጃ የሚዘረዝር መመሪያና የሚገዙትን ዕቃዎች ዝርዝር ለፈለገ ሁሉ ክፍት አደረጉት። በየአገሩ ያሉ ቤተ ሙከራዎችም ወስደው ራሳቸው ገጣጠሙት። የተለመደው ጽሑፍ «ቺፑ በመደበኛ ዘዴ ተሠራ» ብሎ ያልፋል። ከአሥር ቺፕ ስንቱ ተዘጋ፣ ስንቱ ፈሰሰ፣ ስንቱ ተጣለ የሚለውን አይነግርህም። ዘዴውን መድገም የሚፈልግ ሰው የሚፈልገው ግን ይህንኑ ነው። ገምጋሚዎችም አይጠይቁም፤ ስለዚህ «በገምጋሚ አልፏል» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም።

አሁን ወደ ተጠቃሚው ልሂድ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

በ2007 መጨረሻ የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታሉ የመህሜት ቶነር ቡድን ኔቸር ላይ ያወጣው የካንሰር ሴል ቺፕ በዘርፉ ዝነኛ ነው። 78,000 ጥቃቅን ዓምዶች አንቲቦዲ ተቀብተው ቆመዋል፤ ደሙ በመካከላቸው በሰዓት አንድ ሚሊሊትር ገደማ ይፈሳል። ከ116 የታማሚ ናሙናዎች በ115ቱ የካንሰር ሴል አገኘ። በሳይንስ ውበት ደረጃ ወደር የለውም። በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቃድ አግኝቶ ለሐኪሞች አገልግሎት የዋለው ግን ሴልሰርች የሚባል፣ በ2004 የተፈቀደ፣ በማግኔት የሚሠራና በውበት ከቺፑ ጋር የማይወዳደር ትልቅ መሣሪያ ነው። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሴልሰርች ቀድሞ መጥቷል፣ ከጀርባውም ትልቅ ኩባንያ ነበረ። ነገር ግን ሁለት የተጠቃሚ ጥያቄዎችን እንደ መለሰ ልብ በሉ። ደሙ ልዩ ቱቦ ውስጥ እስከ 96 ሰዓት ድረስ በክፍል ሙቀት ይቆያል፤ ስለዚህ ከክሊኒክ ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ መላክ ይቻላል። ለጡት ካንሰር ሐኪሙ ደግሞ አንድ ወሰን ሰጠው፤ በ7.5 ሚሊሊትር ደም ውስጥ 5 ሴልና ከዚያ በላይ ከተገኘ የበሽታው አካሄድ የከፋ ነው። «ናሙናው ስንት ሰዓት ይጠብቀኛል?» እና «ቁጥሩን አይቼ ምን ላድርግ?» የሚሉት ጥያቄዎች በየትኛውም የቦይ ንድፍ ውስጥ አይገኙም። የሚገኙት ደም በሚቀዳበትና ውጤት በሚነበብበት ቦታ ነው።

የሲዲ4 ታሪክ ከዚህም ይበልጥ ያስተምራል፤ እኛንም በቀጥታ ይነካል። በኢትዮጵያ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። በዚያ ዘመን ማን መድኃኒት ይጀምር የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው የሲዲ4 ቁጥር ነበር። ቆጣሪው ፋክስካውንት ደግሞ ሆስፒታልና ትልልቅ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። ጤና ጣቢያ የመጣችው ታማሚ ደም ትሰጣለች፣ ናሙናው ይላካል፣ እሷ ለውጤት ትቀጠራለች። ከቀጠሮው ያልተመለሱት ስንቶች እንደሆኑ በሙያው የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በተመሳሳይ ዓመታት በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ሲዲ4ን በቺፕ ለመቁጠር ይሽቀዳደሙ ነበር። ጽሑፎቻቸው በመጀመሪያው አንቀጽ አፍሪካን ጠርተው ከሁለተኛው አንቀጽ ጀምሮ ይረሷታል። (ይህ ልማድ ዛሬም አለ፤ አንባቢ የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ እያገላበጠ ሊታዘብ ይችላል።) ፉክክሩ ስለ ምን ነበር? የቺፑ ቁጥር ከትልቁ ማሽን ቁጥር ጋር ምን ያህል ይገጥማል በሚለው ላይ።

ከጀርመኗ የና ከተማ የወጣው ፒማ የሚባለው ሲዲ4 ቆጣሪ መሣሪያ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ሞዛምቢካዊው ኢሌሽ ጃኒና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር ጠየቁ። መሣሪያውን በአገራቸው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት ውስጥ አስገብተው ታማሚው ምን ይሆናል ብለው ተከታተሉ። በ2011 ላንሴት ላይ የወጣው ውጤታቸው ይህ ነው፤ ሕክምና ሳይጀምሩ የሚጠፉ ታማሚዎች ከ64 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረዱ፤ ከምዝገባ እስከ መድኃኒት መጀመር የሚወስደው ጊዜም ከ48 ቀን ወደ 20 ቀን አጠረ። ፒማ ከፋክስካውንት የተሻለ አልቆጠረም። የቆጠረው ታማሚዋ ወንበሯ ላይ ሳለች ነው፤ 20 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ይህ ባሕርይ በአንድም የቺፕ ጽሑፍ ውስጥ «አዲስ ግኝት» ተብሎ አይመዘገብም። ታማሚው ከመጥፋት የተረፈው ግን በሱ ነው፤ ያወቁትም ተጠቃሚዎቹ ናቸው።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒት የሚጀመርበትን ወሰን በ2010 ወደ 350፣ በ2013 ወደ 500 ከፍ አደረገ፤ በ2015 ደግሞ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ሳይቆጠር ይጀምር አለ። በሲዲ4 ቆጠራ ላይ የቆመው ፉክክር ከሥሩ ተነቀለ። የለጋሾች ገንዘብ ወደ ቫይረስ መጠን ምርመራ ዞረ። በዚያን ጊዜ ቁጥርን ይበልጥ ትክክል ለማድረግ ዓመታት የፈጁ ቡድኖች ነበሩ። መስመሩ ወዴት እንደሚሄድ ግን ድብቅ አልነበረም፤ ወሰኑ በየጊዜው ወደ ላይ ሲወጣ የኤችአይቪ ፕሮግራም ሠራተኛ ሁሉ ያየው ነበር። ያላዩት ከፕሮግራም ሠራተኛ ጋር የማይነጋገሩት ናቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ከዚያስ? ሐኪሞች «ሲዲ4 ጨርሶ አይቅር» ማለታቸውን አላቆሙም፤ እጅግ የተዳከመ ታማሚ አሁንም ዘግይቶ ይመጣልና። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 ሲዲ4ው ከ200 በታች የሆነ ታማሚን በሽታው የከፋ ደረጃ ላይ ደርሷል ብሎ ለይቶ የእንክብካቤ መመሪያ አወጣ። ጥያቄው ተለወጠ ማለት ነው፤ ትክክለኛ ቁጥር የሚሻ ሰው አነሰ፣ «ከ200 በላይ ነው ወይስ በታች?» የሚል በዛ። የሜልቦርኑ በርኔት ኢንስቲትዩት ያመነጨው ቪዚቴክት የሚባል የወረቀት ስትሪፕ ይህን ይመልሳል። መጀመሪያ ወሰኑ 350 ላይ የተሠራ ነበር፤ መመሪያው ሲለወጥ 200 ተደርጎ ዳግም ተሠራ። መብራት አይፈልግም፤ በ40 ደቂቃ መስመሩን ከመስመር አወዳድሮ ማንበብ ነው። ቺፕ ሠሪዎች ከእነሱ ወገን አድርገው ለመቁጠር የሚያቅማሙበት ተራ ስትሪፕ ነው። ግን የተጠየቀውን ይመልሳል።

የሚቃወሙኝን አውቃለሁ። መጀመሪያ የሚነሣው ቴራኖስ ነው። «ያላለቀ ነገር ይዞ ወደ ተጠቃሚ መሄድ የሚያመጣውን አይታችኋል» ይላሉ። ኤልዛቤት ሆልምስ በ2003 የመሠረተችው ይህ ኩባንያ በጣት ጠብታ ደም ብዙ ምርመራ እሠራለሁ ብሎ በአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች ውስጥ ሰው መመርመር ጀመረ፤ በ2015 ጋዜጠኛው ጆን ካሪሩ አጋለጠው፤ መሥራቿም በጥር 2022 በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለች። ነገር ግን ቴራኖስ የማካፈል ምሳሌ ሊሆን አይችልም። ከመጋለጡ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ተመራማሪው ጆን አዮኒዲስ በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ያነሣው ቅሬታ ኩባንያው ለገምጋሚ ያቀረበው ጽሑፍ የለም የሚል ነበር። መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ከሳይንቲስት ደበቀ፣ ከሐኪም ደበቀ፣ ለታማሚ ሸጠ። ሰውን መጠየቅና በሰው ላይ ውጤት መስጠት ሁለት ነገሮች ናቸው። ገና በሙከራ ላይ ባለ ቺፕ ታማሚ አይታከምም፤ ይህ የማያከራክር ነው። ላቦራቶሪ ባለሙያዋን «ይህን ብንሠራልሽ የት ላይ ይሰበራል?» ብሎ መጠየቅ ግን የማንንም ሕክምና አይነካም።

ሁለተኛው የፓተንት ነገር ነው፤ ቀላል መልስ ስላለው አልቆይበትም። በአውሮፓ ሕግ ከማመልከቻ በፊት በአደባባይ የተነገረ ፈጠራ አዲስነቱን ያጣል። ስለዚህ ማመልከቻውን አስገብቶ ከዚያ መናገር ነው። የተጠቃሚን ችግር ለመስማት ደግሞ ምስጢር ማውጣት አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል።

ሦስተኛው፣ በጨዋነት የማይነገረው ግን ብዙዎች የሚያስቡት፣ «ተጠቃሚው ሳይንሱን አይረዳም» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ይቀመጥ። ባለሙያዋ የፈሳሽን አካሄድ የሚገልጸውን ሬይኖልድስ ቁጥር ላታውቀው ትችላለች። ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ በደንብ ካልተገለባበጠ ደሙ እንደሚረጋ፣ የረጋች አንዲት ቅንጣት ጠባብ ቦይ ውስጥ ብትገባ ምን እንደምታደርግ ግን ከማንም በላይ ትነግርሃለች። ከባድ ደም ማነስ ያለበት ሰው ደም ከሌላው እንደሚቀጥን ታውቃለች፤ አብዛኛው ቺፕ የተሞከረው ደግሞ በጤነኛ ፈቃደኞች ደም ነው። ምርመራው በመካከል ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ ካርትሪጁ ይባክናል ወይስ ይቀጥላል ብላ ትጠይቃለች። ፕሮጀክቱ አልቆ እናንተ ስትሄዱ ካርትሪጁን ማን ያመጣል፣ በየትኛው በጀት፣ የሚያበቃበት ቀንስ መቼ ነው ትላለች። ደም የነካው ፕላስቲክ የሚቃጠልበት ምድጃ ይሠራል ወይ? ባሕር ጠለል ላይ ታሽጎ የመጣ ፈሳሽ አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት፣ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ የአየር ግፊቱ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ በሆነበት፣ በውስጡ የሟሟው አየር አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ አንዲት አረፋ ደግሞ ቦይ ለመዝጋት ትበቃለች። ጋምቤላ ቢወርድ ችግሩ ሙቀቱ ነው። ይህ ሁሉ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ነው። ሳይንስ አታውቅም የተባለችው ሴት የጠየቀችው ሳይንስ ነው።

አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ። ተጠቃሚ የሌለበት ምርምር ይኖራል፤ ይኑርም። ሴል በጠባብ ቦይ ውስጥ ለምን ከግድግዳው ርቆ አንድ መስመር ይይዛል ብሎ የሚያጠና ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ፈቃድ መጠየቅ የለበትም። እንዲህ ያለው ተመራማሪ ግን በጽሑፉ መግቢያ ላይ «ሀብት ውስን ለሆነባቸው አገሮች» የሚለውን ሐረግ ይተው። በድሃ ስም ገንዘብ ከተጠየቀ ድሃው መጠየቅ አለበት።

የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን የውጭ ልማድ ወስደው ይበልጥ አደረቁት። ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ሦስቱ ምሰሶዎች ናቸው ይባላል፤ ዕድገት ሲመጣ ግን ክብደቱ የታተመ ጽሑፍ ላይ ነው። የማኅበረሰብ አገልግሎቱ በፕሮጀክቱ ማብቂያ በሆቴል አዳራሽ የሚደረግ ዐውደ ጥናት ይሆናል። ባነር ይሰቀላል፣ ቦርሳና ማስታወሻ ደብተር ይታደላል፣ የክብር እንግዳ ንግግር ያደርጋሉ፣ ተመራማሪው በእንግሊዝኛ ስላይድ ሃያ ደቂቃ ያቀርባል። ከጤና ጣቢያ የተጠራችው ባለሙያ ከሻይ ዕረፍት በኋላ እጇን አውጥታ ስለ ካርትሪጁ ትጠይቃለች፤ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በቀጣይ ጥናት እናየዋለን» ይባላል። አበል ይፈረማል። ቀጣዩ ጥናት የሚመጣው ሌላ ለጋሽ ሲገኝ ነው፤ ያኔ እሷ አትጠራም፣ ቃለ ጉባኤውንም የሚያነብ የለም።

ስለዚህ ክርክሬን ወደ ሰነድ ላውርደው። ማንኛውም የምርምር ፕሮፖዛል የሥራ ሰሌዳ አለው፤ በሦስት ዓመት ፕሮጀክት «ውጤት ማሰራጨት» የምትለው መስመር ሁልጊዜ 36ኛው ወር ላይ ትቀመጣለች። እሷን ወደ ሦስተኛው ወር አምጡ፤ በጀቷንም አብራችሁ። የመጀመሪያው ስብሰባ ሆቴል መሆኑ ቀርቶ ደም በሚቀዳበት ክፍል ይሁን፤ እዚያ የተነሡት ጥያቄዎች ከቺፑ ንድፍ ጋር አብረው ይመዝገቡ። የተዘጉትና የተጣሉት ቺፖች ቁጥር በጽሑፉ ሠንጠረዥ ውስጥ ይግባ፤ የንድፍ ፋይሉም ይያያዝ። ንድፉን ያስቀየረ ጥያቄ ያነሣች ባለሙያ ስሟ ምስጋና በሚለው የመጨረሻ መስመር ሳይሆን ከጸሐፊዎቹ ጋር ይጻፍ። ለጋሹ «ገና ምን ውጤት አለና ታሰራጫላችሁ?» ብሎ በጀቱን ሊሰርዘው ይችላል። ያን ጊዜ ከሲዲ4 ቺፖች ውስጥ ስንቶቹ ጤና ጣቢያ ደርሰው እንደነበር ጠይቁት።